የሰው ጨቅላ መርማሪዋ

እናንተ ሰፈር የሰውን ጨቅላ የሚመረምር የለም? እኛ መካነ ሰላም ከተማ እትዬ ዘሀራ አሉልን። አርባው ያልሞላውን የልጅ ልጄን ሊጠይቁ መጥተው ከበሩ ላይ ሆነው ጣታቸውን አወዛወዙና ልጁ በዓይኑ ስላልተከተላቸው፣ «ይኼ ልጅስ አያይም!» ብለው ፈረዱ።

ምራቴ አለቀሰች። እኔ ግን ያለ አስተማሪ ፊደል የለየሁ፣ እስከ ወግዲ ድረስ በዕውቀት የሚስተካከለኝ የሌለ ሰው ነኝ።

«እትዬ፣ ጨቅላ የሚያየው ከጡት እስከ እናቱ ፊት ድረስ ነው። እስቲ ቀረብ ይበሉ!» አልኳቸው።

እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉ። ልጁ ትኩር ብሎ አያቸውና ፈገግ አለ።

«ወላሂ ሳቀልኝ! አየኝኮ!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት።

«ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ምራቴ እንባዋን እየጠረገች ስትስቅ አየሁ። አልሐምዱሊላህ! ልጁ ይይልኝ እንጂ ክብሩን እትዬ ይውሰዱት ብዬ ተውኩላቸው። እንዲህ ያለ ትሕትና ደግሞ ከእኔ በቀር ማን አለው?