አቶ እንከን እና ወይዘሮ እንደ አዲስ

ጭርርርርት! ትንሽ ዝምታ፤ የመቀስ ቀጭ ማለት፤ ከዚያ እንደገና ጭርርርርት! የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ከጥቅልሉ ሲላቀቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ከዛሬ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጎረቤቶቼ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት፣ ይህ ድምፅ ከጋራ ግድግዳችን ማዶ ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት አይቋረጥም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳው የሚቀደድ መስሎኝ እጄን ሁሉ አስደግፌበታለሁ። በሁለተኛው ወር ድምፁ የዘገየ ዕለት «ምነው ዛሬ፣ ደህና አይደሉም እንዴ?» ማለት ጀመርኩ።

መቼም ቤታቸውን ገበያ ያደረጉ ባልና ሚስት የሌሉበት ሰፈር፣ ሰፈር አይባልም። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ሳሎናቸው መጋዘን፣ መኝታ ቤታቸው ፎቶ ቤት፣ ወጥ ቤታቸው ማሸጊያ ክፍል ነው። ያገለገለ ዕቃ ይገዛሉ፣ ይወለውላሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ በስልካቸው ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ፣ ይሸጣሉ። ቤታችሁ ሲመጡ ጤናችሁን ከመጠየቃቸው በፊት ሳህናችሁን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ማኅተም ያነባሉ። የኔዋ ጎረቤት አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፦

«ጋሼ፣ ይህን ኩባያ ይፈልጉታል?» አለችኝ።

«እየጠጣሁበት እኮ ነው።»

«ኧረ ሲጨርሱ ማለቴ ነው!»

ስማቸውን ሰፈሩ ካወጣላቸው በኋላ ትክክለኛውን የሚጠራ አልነበረም። እሳቸው ክቡር አቶ እንከን፣ እሷ ደግሞ ክብርት ወይዘሮ እንደ አዲስ ይባላሉ።

ክቡር አቶ እንከን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራቸው በፊታቸው የሚያልፈውን ጨርቅ እያዩ፣ ክር ያመለጠበትን፣ ቀለም የዘለለውን ቦታ በነጭ ጠመኔ መክበብ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ብዙዎቹ ሠራተኞች የሥራ ልምድ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እሳቸው ግን የጠመኔውን ሳጥን ይዘው ወጡ። ክብርት ባለቤታቸው በበኩሏ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረች። እርሳስ በተያዘ ቁጥር ወረቀት ላይ የሚወጣውን ማንኛውንም ጭረት «ጎሽ! እንዴት ያምራል!» ስትል ኖራ በጡረታ የተሰናበተች ሴት ናት። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ ልብ በሉ።

ንግዱን የጀመሩት የራሳቸውን ቤት በመሸጥ ነው። ቤቱን ሳይሆን፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን። አንድ ሰኞ የእንግዳ ወንበሮቹ ሄዱ። ማክሰኞ መስታወቱ ተከተለ፤ አቶ እንከን ለአንድ ወር ያህል ጢማቸውን የተላጩት በሻይ ማንቆርቆሪያው ጎን ላይ መልካቸውን እያዩ ነው፣ አገጫቸው ከግንባራቸው ሦስት እጥፍ እየሆነ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ተሸጠ፤ አቶ እንከንም ጢማቸውን አሳደጉ። ሻይ ሊጠጣ የሄደ ሰው «ይህቺኛዋ የተሸጠች ናት፤ ቀስ ብለው ይቀመጡ» እየተባለ ካርቶን ላይ ይቀመጣል።

ጭቅጭቁ የሚነሣው ጽሑፉ ላይ ነው። ወይዘሮ እንደ አዲስ አንድ እግሯ የጎደለ ወንበር ይዛ «ጥግ ለምትወዱ፣ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም፣ እንደ አዲስ» ብላ ትጽፋለች። አቶ እንከን ደግሞ ወንበሯን በጠመኔ አሥር ቦታ ከብበው ፎቶ ያነሡና ከሥሩ ይዘረዝራሉ፦ «አንደኛ፣ እግር ጎድሏል። ሁለተኛ፣ የቀሩት ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።» ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ይዘው በኔ በር ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ይፍረዱ!» ትላለች እሷ። «እንዲህ ተብሎ ዕቃ ይሸጣል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ውዳሴውን ነው ወይስ ጉድለቱን ማወቅ የሚፈልጉት?» ይላሉ እሳቸው።

«ሰውዬው ፋብሪካውን ያዘጋው እሱ ሳይሆን አይቀርም እኮ! ጨርቁን ሁሉ ከብቦ ከብቦ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ብታጨበጭቢ ጨርቁ ይስተካከላል?»

ችሎቱ የሚውለው በምግብ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ነው። ሰፊ ስለሆነ ዕቃውንም እዚያው ያስቀምጡታል። እኔ መነጽሬን አጥልቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «የግራ ቀኙን ክርክር ሰምቻለሁ» እላለሁ። ፍርዴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ከላይ የእሷ ውዳሴ ይጻፍ፣ ከሥሩ የእሱ እንከን ይዘርዘር። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ጠዋት ጠዋት የሚፈልገኝ ሰው አልነበረምና፣ ይህን ዳኝነት ማንም ቢሾመኝ ባይሾመኝ አልለቀውም ነበር።

የሚገርመው፣ ገበያው በዚሁ ፍርድ ተነሣ። ሰው በመጀመሪያ ለመሣቅ ገጻቸውን ከፈተ፤ ቀጥሎ ለመግዛት መጣ። ጉድለቱን ራሱ ከቦ የሚያሳይ ሻጭ ከየት ይገኛል? እንዲያውም አንድ ገዢ ምንም ያልተከበበበት ማራገቢያ ደርሶት በድንጋጤ ደወለ። «ክቡ የታለ? ምን ደብቃችሁኝ ነው?» ብሎ። አቶ እንከን ሰውዬው ቤት ድረስ ሄደው፣ ግማሽ ሰዓት ፈትሸው፣ ከመሠረቱ ሥር አንዲት የፀጉር ስንጥቅ የምታህል ጭረት አግኝተው ከበቡለት። ሰውዬው እፎይ አለ።

እጃቸው ግን አመል ነበረበት። አንድ ቀን እነሱ ቤት ሻይ ጠጥቼ ስነሣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ ያደረጉኝ መሰለኝ፤ በፍቅር ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄድኩ፣ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ባንክ ተሰለፍኩ። በሄድኩበት ሁሉ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቤቴ ገብቼ ካፖርቴን ሳወልቅ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ እንቁላል የሚያህል ነጭ ክብ፣ በመሐሉ የተተረተረ ስፌት!

«አንተ ሰው!» አልኩ በራቸውን እየደበደብኩ። «እኔን ልትሸጠኝ ነው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ነው። እኔ እንኳ አላወቅኩም።»

«ካፖርቱ ግን እንደ አዲስ ነው» አለች ሚስታቸው። መርፌና ክሩን ይዛ ነበር፤ እዚያው እንደቆምኩ ሰፋችልኝ።

በዚያው ዓመት ሴት ልጄ ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። «አባዬ፣ ብቻህን እስከ መቼ? ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ ና» አለችኝ። እሷ ስትለምን እንቢ ማለት ከልጅነቷም አልሆነልኝም። «ዕቃዬን ልሽጥና እመጣለሁ» አልኳት። ጎረቤቶቼን ጠርቼ ስነግራቸው ወይዘሮ እንደ አዲስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታወድሰው ነገር አጣች። አቶ እንከን ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት።

ሥራ ሥራ ነውና ሠሩ። ቁም ሣጥኑ በአራት ቀን ሄደ። የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ ሶፋው፣ አልጋዬ ተከታተሉ። እነሱ ባዋሱኝ ታጣፊ አልጋ መተኛት ጀመርኩ፤ እሱም ተሸጧል፣ ገዢው እስኪመጣ ነው። የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነበር። ወደ ልጄ ቤት እንዳልወስደው በደረጃዋ አይወጣም። ስለዚህ «ጠረጴዛው የተሸጠ ዕለት ተነሥቼ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት።

አቶ እንከን ጠረጴዛውን ሲመረምሩ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እያንዳንዱን ጉድለት ከነምክንያቱ ካልመዘገቡ አይሆንላቸውም።

«ይህ ቀለም?»

«የመጨረሻው ልጄ ነው። ካርታ ሲሥል ብልቃጡን ደፋው።»

«እነዚህ ቀዳዳዎች?»

«የኮምፓስ ጫፍ። ክብ ሲሠሩ ወረቀት ቀርቶ ጠረጴዛው ላይ ይተክሉታል።»

«ይህ ጠርዝ የተቀጠቀጠው?»

«የሥጋ መፍጫው ይታሰርበት የነበረ ነው።»

«ይህ ቃጠሎስ?»

«ካውያ። ባለቤቴ ልብስ እየተኮሰች ሳለ ትልቋ ልጃችን ፈተና አለፍኩ ብላ እየጮኸች ገባች። ካውያውን ማን ያስታውሰው?»

ጽፈው ጽፈው አሥራ አንድ ሆነ። ሚስታቸው ጽሑፉን ከላይ ጨመረች፤ ተለጠፈ። ከዚያ ዝም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ማንም ዝር አላለም። ሦስት እግር ያላት ወንበር በሁለት ቀን የተሸጠችበት ገጽ ላይ የኔ ጠረጴዛ ጠያቂ አጣ። ልጄ በየቀኑ ትደውላለች፤ እኔም «ገበያው ቀዝቅዟል» እላታለሁ። ደስ ይለኝ እንደነበር አልሸሽግም። ግን ለራሴም አላወራሁትም።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት የጥርስ ሐኪም ሳትደውል አድራሻ ጠይቃ መጣች። ሜትር ይዛለች። ጎረቤቶቼ ድምፅዋን ሰምተው እየተሯሯጡ ከኋላዋ ገቡ። ሐኪሟ ጠረጴዛውን ለካች፤ ክቦቹን አንድ በአንድ አየች፤ የካውያው ቃጠሎ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች።

«ወድጄዋለሁ» አለች። «ይቺኛዋ ግን ምንድን ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በመሳቢያው አጠገብ አሥራ ሁለተኛ ክብ አለ። እኔ ያስመዘገብኩት አሥራ አንድ ነው።

«ነቀዝ» አሉ አቶ እንከን፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ።

«ቀዳዳው የታለ?»

«ወደ ውስጥ ነው።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው ቀዳዳ ነው፤ እዚህ ግን ቀዳዳ የለም።»

«ውስጥ ለውስጥ ነው የሚበላው፣ ዶክተር!» አለች ወይዘሮ እንደ አዲስ። «ከርከም ከርከም ሲያደርገው ግድግዳ ተሻግሮ እኛ ቤት ይሰማል። ደግሞ ይወዛወዛል። ደግሞ... ቀለሙም ደስ አይልም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ይህቺ ሴት እኮ ታቹ የተቦደሰ ባልዲ «አየር የሚያስገባ» ብላ የሸጠች ናት። እሳቸውም ቢሆኑ ያላዩትን እንከን አየሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። እሷ የነጠላ ጫፏን በጥርሷ ይዛለች።

ሐኪሟ ወደኔ ዞረች። «አባት፣ ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ነቀዝ አለው?»

አለው ብል እኔም ውሸታም ልሆን ነው። የለውም ብል ጠረጴዛው ይሄዳል፤ እኔም ተከትዬው እሄዳለሁ። ሦስቱም አፍ አፌን ያያሉ።

«የለውም» አልኩ።

አቶ እንከን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግን አይሸጥም።»

«ታዲያ ከከተማው ጫፍ የመጣሁት ለጨዋታ ነው?» አለች ሐኪሟ፣ ሜትሯን እየጠቀለለች።

ወይዘሮ እንደ አዲስ በቅጽበት ነፍስ ዘራች። «ኧረ በከንቱማ አይመለሱም! እኛ ቤት አንዲት ጠረጴዛ አለች፣ ዶክተር፣ ሲያዩዋት...» ክንዷን ይዛ ስትወስዳት ደጅ ድረስ «እንደ አዲስ! እንደ አዲስ!» ይሰማኛል።

እኔና አቶ እንከን ቀረን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«በተለጠፈ ማግስት ነው የተጀመረው። ስምንት ሰው ደውሎ ነቀዝ አለው ብለን መለስናቸው።» ጠመኔዋን በጣቶቻቸው መሐል ያሽከረክራሉ። «እሷ ናት 'አንድ ክብ ብቻ' ያለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌለ እንከን ከብቤ አላውቅም አልኳት። ሦስት ቀን እንቢ አልኩ። በአራተኛው ቀን እርስዎ በር ላይ ሆነው ሻንጣዎን ሲወለውሉ አየሁዎት።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የካውያ ቃጠሎ በጣቴ ዳሰስኩ።

«ለልጄ ዛሬውኑ እደውላለሁ» አልኩ። «ልጠይቃት እመጣለሁ፣ ለመኖር ግን አልመጣም እላታለሁ። ትቆጣኛለች፤ ከዚያ ይወጣላታል። የቸገረኝ አንድ ነገር ነው። አልጋዬን ሸጣችሁታል።»

የእጅጌያቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው ያቺን አሥራ ሁለተኛ ክብ መጥረግ ጀመሩ። ጠፍታም መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ጋሼ...» አሉ።

ቀና አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይሉኝ ወጥተው ሄዱ።