ክብርት ቃል አቀባይ

በየቤቱ አንድ ቃል አቀባይ አለ። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። ልጁን "ስንተኛ ክፍል ደረስክ?" ስትሉት ቃል አቀባዩ ይመልሳል። ሙሽራዋን "ደስ አለሽ?" ስትሏት እሱ "በጣም እንጂ!" ይላል። በሽተኛ ልትጠይቁ ሄዳችሁ "የቱ ጋ ነው የሚያምህ?" ብትሉ፣ በሽተኛው አፉን እስኪከፍት ቃል አቀባዩ ሕመሙን ከነመድኃኒቱ ተርኮ ይጨርሳል።

የቤተሰብ አማካሪዋ በሥራዋ ብዙ ቃል አቀባይ አይታለች። ሥራዋ በኢንተርኔት ነው። ከመኝታ ቤቷ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሯን ከፍታ፣ ከልጆቻቸው ጋር መግባባት ያቃታቸውን ወላጆች በቪዲዮ ታነጋግራለች። ባል በሚስት ፈንታ ሲመልስ፣ እናት በልጅ ፈንታ ስትመልስ ለምዳዋለች። እንደ እኚህ ሴት ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም። በልቧ "ክብርት ቃል አቀባይ" የሚል ማዕረግ የሰጠቻቸውም ለዚህ ነው።

ክብርትነታቸው የአንድ ደንበኛዋ ታላቅ እህት ናቸው። የሚኖሩት ከወንድማቸው፣ ከሚስቱና ከአንዲት ልጃቸው ጋር ነው። ወላጆቹ አማካሪዋን የፈለጓት በልጅቷ ምክንያት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ይህች ልጅ ንግግሯ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ ቤት ውስጥ ጭራሽ ዝም ብላለች። ሐኪሞች ጆሮዋንም ጉሮሮዋንም አይተው "ምንም የለባትም" አሉ።

በመጀመሪያው ቀን አባት፣ እናትና ልጅ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አክስትየው ከካሜራው ውጪ ስለነበሩ የሚታየው አንድ ክርናቸው ብቻ ነው።

"የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት ቤት እንዴት ነው?" አለች አማካሪዋ።

"እሷ ማለት የፈለገችው፣" አለ ክርኑ፣ "ትምህርቱስ ጥሩ ነው፣ ሒሳብ ብቻ ትንሽ ከብዷታል።"

"ገና ምንም አላለችም እኮ።"

"ልትል ነበራ!"

አማካሪዋ ወደ አባትየው ዞረች። "እርስዎስ? እንቅልፍ እንዴት ነው?"

"እሱ ማለት የፈለገው፣ ይተኛል፤ ቅዠት ነው እንጂ ያስቸገረው።"

አባትየው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያን ቀን አማካሪዋ ኮምፒውተሯን ዘግታ ብቻዋን ስትስቅ ዋለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ሳቁ ጠፋ። አማካሪዋ "ካላስቸገርኩዎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻችንን ይተዉን" ብላ ለመነች። "ኧረ ምን ገዶኝ!" አሉ ክብርትነታቸው። ክርኑ ተነሳ፣ በሩም ሲዘጋ ተሰማ። ልጅቷ መናገር ስላልቻለች አማካሪዋ ጥያቄዋን ጽፋ ስክሪኑ ላይ ላከችላት፦ "ቤት ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?" ልጅቷ አነበበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

ከበሩ ወዲያ፣ "እሷ ማለት የፈለገችው፣ ማንንም አትፈራም" የሚል ድምፅ መጣ።

አማካሪዋ የላከችውን ጽሑፍ መልሳ አየች። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያነበበው የለም። ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ወላጆቹ ምንም አለመገረማቸው ነበር።

"ሁሌም እንደዚህ ናቸው፣" አለች እናትየው፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ተረጋግታ። "ረሃቤን እንኳ ከኔ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

በሦስተኛው ቀጠሮ አማካሪዋ ልጅቷን ብቻዋን ፈለገቻት። አክስትየው ገበያ ወጥተው ነበር። እናትየው ለልጇ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋላት ወጣች፣ በሩንም ዘጋች።

"አሁን ብቻችንን ነን፣" አለች አማካሪዋ ለስለስ ብላ። "ምን ይሰማሻል?"

ልጅቷ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር አየችው። የሌላ ሰው ንግግር እስኪያልቅ እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቀች። ከዚያ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የልጅ አልነበረም፤ ዝግ ያለ፣ ሻከር ያለ፣ ዕድሜ የጠገበ ነበር።

"እሷ ማለት የፈለገችው፣ ደህና ናት።"

አማካሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "እሷ ማን ናት?"

ልጅቷ በጣቷ የራሷን ደረት ነካች።

በማግስቱ አማካሪዋ አባትየውን ከመሥሪያ ቤቱ ሆኖ እንዲያነጋግራት ጠየቀችው። በቀጠሮው ሰዓት መስኮት ዳር ብቻውን ተቀምጦ ብዙ ካመነታ በኋላ ተናገረ።

"እናታችን ስትሞት ሕፃን ነበርኩ። ምላሴ ተሳሰረ። ዘመዶቻችን 'ይሄ ልጅ ዲዳ ሆኗል፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ይግባ' አሉ። እህቴም ያኔ ልጅ ናት። ሰው ምን ቢጠይቀኝ ቀድማ መመለስ ጀመረች፤ ዝም ማለቴ እንዳይታወቅ። እንዳይወስዱኝ። በሷ አፍ ነው ያደግኩት።"

"እርስዎ መናገር ሲጀምሩስ እሳቸው አልተዉም?"

አባትየው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ተይ ያላት የለም፣" አለ በመጨረሻ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አማካሪዋ አክስትየው ከወንድማቸው፣ ከሚስቱና ከልጅቷ መሐል እንዲቀመጡ አደረገች። ፊታቸውን ያኔ ነው ያየችው። ደቃቃ፣ ዓይነ ትልልቅ ሴት ናቸው።

"ዛሬ የምጠይቀው እርስዎን ብቻ ነው። እርስዎ ራስዎ ምን ይፈልጋሉ?"

"እነሱ ማለት የፈለጉት..."

"እነሱን አይደለም። እርስዎን ነው።"

አማካሪዋ መስመሩ የተቋረጠ መሰላት፤ ከኋላቸው መጋረጃው በነፋስ ሲወዛወዝ ስታይ ግን እንዳልተቋረጠ ገባት። የአክስትየው ከንፈር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። የወንድማቸውም ከንፈር ይንቀሳቀሳል። የሚስቱም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል፣ እኩል፣ ድምፅ አልባ ሆነው ይሉታል። የአክስትየው ፊት ጨለማ ክፍል ውስጥ የተረሳ ሕፃን ፊት ሆነ። አማካሪዋ ፈርታ ኮምፒውተሩን ልትዘጋው እጇን ዘረጋች።

ያኔ ሰምታው የማታውቀው፣ ቀጭን፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ድምፅ መጣ።

"አክስቴ፣ አይዞሽ። እኔ አለሁ።"

አክስትየው ዞር ብለው ልጅቷን አዩዋት። የምትቀጥለውን ሊሉላት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ወድደውና ፈቅደው መልሰው ዘጉት። ልጅቷም ቀጠለች።

ነገሩ በአንድ ቀን አልተቃናም። ልጅቷ አንድ ቀን ተናግራ ሁለት ቀን ዝም ትል ነበር። ዛሬ ግን እናትየው "ኧረ ይቺ ልጅ ጆሮዬን በላችው!" እያለች ታማርራለች፤ ስታማርር ዓይኗ ይስቃል።

የቤተሰቡ ምክክር አለቀ። አማካሪዋ ግን እውነቱን ለመናገር፣ ክብርትነታቸው በጣም ናፈቋት። ስለዚህም ለብቻቸው ቀጠሮ ሲይዙ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። አሁን በየሳምንቱ ፀጉራቸውን አበጥረው ይመጣሉ። አብዛኛውን ሰዓት ዝም ይላሉ። አማካሪዋም አታጣድፋቸውም።

በቀደም ግን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"አንድ ነገር ልናገር?"

"ይናገሩ፣ እሜቴ።"

"እኔ... እኔ ሻይ በስኳር አልወድም። ወንድሜ ስለሚወድ ነው ዕድሜዬን ሙሉ የጠጣሁት።"

ይህን ብለው፣ የሚቆጣቸው ሰው እንደሚመጣ ሁሉ በፍርሃት ወደ በሩ አዩ። ማንም አልመጣም።

ሰዓቱ አልቋል፤ ሌላ ደንበኛ ይጠብቃል። አማካሪዋ "ትንሽ ልዘገይ ነው፣ ይቅርታ" የሚል መልእክት ላከችና ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳብ አደረገች።

"ሌላስ?" አለች።