የአየር ጤናው ደንዳና መሬት

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ መሬት የሚጠየቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው? ከአስፋልቱ ምን ያህል ይርቃል? ሦስቱን የመለሰ ሰው ስለ መሬት ሁሉን አወቀ ማለት ነው፤ ደላላ መሆንም ይችላል። ከሥር ስላለው አፈር የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። እኔ ራሴ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ስለ አፈር የማውቀው ሁሉ ሰሌዳ ላይ የሚሳል ነበር። በጠመኔ የሚሳል አፈር ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁልጊዜም ለስላሳ ነው።

አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ወረዳው ለአሥራ ሁለት ጎረቤቶች «አትክልት አልሙበት» ብሎ ሰጠን። ሰጠን ስል፣ እስከ መስከረም የሚታይ ነገር ካላበቀልን ቦታው የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን በትሕትና ነግሮን ነው። እኔ የተማርኩ ስለሆንኩ ሊቀመንበር ተደረግሁ። በእኛ አገር የተማረ ሰው ከዚህ ቅጣት አያመልጥም።

ካሮትና ቆስጣ ዘራን። ቆስጣው ብቅ አለና ጣት አክሎ ቀረ፤ ቢጫም ሆነ። ሲዘንብ ውሃው አልሰርግ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ይተኛል፤ ሲያባራ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል። ስብሰባ ጠራሁ። አንዱ ዘሩ ነው አለ፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፣ እኔ ደግሞ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብዬ በሊቀመንበርነቴ ወሰንኩ። ማዳበሪያ ጨመርን። ቆስጣው ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም አለ።

ከሁላችንም የከፋቸው ጋሽ በለጠ ነበሩ። ጋሽ በለጠ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ባለቤታቸው ባለፈው ዓመት ካረፉ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም። ጠዋት ጠዋት መጥተው እያንዳንዷን ቆስጣ፣ ሆስፒታል እንደተኛች ዘመድ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ።

«መምህር፣ ይሄን ቦታ ከወሰዱብን እኔ የት እውላለሁ?» አሉኝ አንድ ቀን።

መፍትሔው የመጣው ከእትዬ ብርነሽ ነው። እትዬ ብርነሽ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ልጅነታቸውን ግን ጉራጌ አገር እንሰት ሲተክሉ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ስብሰባ ላይ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ዝናብ በዘነበ ማግስት ከጋራዡ ቁራጭ ፌሮ ለምነው መጡ። እግር በማይደርስበት በአጥሩ ጥግ ፌሮውን በሁለት እጃቸው ጫን ሲሉት ክንድ ያህል ገባ። ቆስጣው መሐል ደገሙት፤ ስንዝር ሳይሞላ ቀጥ አለ።

«እስቲ መምህር ይሞክሩት» አሉኝ። ክብደቴን ሁሉ ጣልኩበት። ፌሮው ጎበጠ፤ መሬቱ ግን ወይ ፍንክች።

ከዚያ አንድ ካሮት ነቅለው አሳዩን። ቁልቁል ወርዶ ወርዶ፣ ደንዳናው ጋ ሲደርስ ዝግ መንገድ እንደገጠመው ሚኒባስ ወደ ቀኝ ታጥፏል።

«ዘሩ ምን ያድርግ? ሥሩ መሄጃ የለውም። ይሄ ቦታ በፊት ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም እናውቃለን፤ ዓይናችን ወደ አንድ ሰው ዞረ። ጋሽ በለጠ ኮፍያቸውን አወለቁ። «መሬቱን ያደነደነው የእኔ መኪና ነው» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ነው ያቆምኩት። አንዳንዴም ከነጭነቱ።»

አንድ ሰው የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ፊታቸው አያስቅም ነበር። እትዬ ብርነሽ ፌሮውን አቀበሏቸው። «እንግዲያው ጎማው የት የት እንዳረፈ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። እየወጉ ምልክት ያድርጉልን።»

ጋሽ በለጠ ቦታውን በየሁለት እርምጃው ወጉት። በጠነከረበት ሁሉ እንጨት ቸከሉ። መሬቱ ጠፈፍ እስኪል ጠበቅን፤ እትዬ ብርነሽ «እርጥቡን ከነካችሁት ይብሳል» ብለው ከልክለዋል። ከዚያ በዶማ ደንዳናውን ሰብረን፣ የበሰበሰ ፍግና የአትክልት ተረፈ ምርት ቀላቀልንበትና እንደገና ዘራን። ጋሽ በለጠ መደቡንና መሄጃውን በድንጋይ ለዩ፤ ተረግጦ ዳግም እንዳይደነድን፣ መደብ የረገጠ ሰው ተጠያቂነቱ ለእሳቸው ሆነ። አንድ ቀን በጥድፊያ አስጠሩኝና አደጋ የደረሰ መስሎኝ ሮጬ ብሄድ፣ የምድር ትል ሊያሳዩኝ ነው። ወፍራም ትል ነበር፤ ከእሳቸው ጋር ቆሜ አደነቅሁት።

ነሐሴ ላይ የቆስጣው ቅጠል መሐረብ አከለ። በመስከረም የወረዳው ሰዎች መጡ፤ በጣም ወደዱት። ከመውደዳቸው የተነሣ ፎቶ ለመነሣት ሁሉም መደቡ ላይ ወጡ። ከፊት የቆሙት ኃላፊ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነው። እኔ በሊቀመንበርነቴ ዝም አልኩ። ጋሽ በለጠ ግን ጠጋ ብለው እጅ ነሡና፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ከባድ ሰው ነዎት፤ ከመደቡ ቢወርዱልን» አሉ።

ኃላፊው የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ኧረ እኔ ተራ አገልጋይ ነኝ» አሉና ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ጋሽ በለጠ ሁለተኛውን ግማሽ በትዕግሥት ደገሙላቸው። ሰውየው እግራቸውን አይተው፣ ሳቅ ብለው ወረዱ፤ ቦታውንም አጸደቁልን።

እሳቸው የቆሙባት ጥግ ላይ ያለው ቆስጣ ከሌላው ትንሽ አጠር ብሏል። ለክብራቸው ስንል ለማንም አልተናገርንም፤ እናንተም አትናገሩ።