ከድራማው በኋላ

አንባቢ የራበው ጸሐፊ አጋጥሟችሁ ያውቃል? በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖረው ጓደኛዬ መምህር ደሳለኝ እንዲያ ነበር። በብሎጉ ላይ ስለ እስቴ ገብስ በፍቅር ይጽፋል፤ እኔ ርእሱን አይቼ አልፋለሁ፣ ባለቤቱ አልጋነሽ ርእሱንም አታይም። ቢቸግረው፣ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ስለሚያየው የቱርክ ድራማ ጻፈ። ባለታሪኳ ባሏን ጥላ መሄድ አለባት ብሎ እንደ ዳኛ ፈረደ። አንባቢ ጎረፈ።

አልጋነሽም ስልኳን ይዛ መጣች። “ልጆቿን ለማን ትታ ትሂድ? አንተ ስለ ሴት ምን ታውቃለህ?”

“አነበብሽው እንዴ?” አለ፤ ፊቱ በራ።

ከዚያ ወዲያ አብረው እያዩ ይከራከራሉ፤ እሷ የምትለውን እሱ ይጽፋል። ድራማው ሲያልቅ አንባቢው ተበተነ። ደሳለኝ አዝኖ እንደተቀመጠ አልጋነሽ አጠገቡ ቁጭ አለች።

“አሁን ደግሞ ስለ ምን እንጻፍ?” አለችው።