የአራተኛው ፎቅ ካፒቴን

በየሕንፃው አንድ የማይበር አብራሪ አለ። “በእኛ ሕንፃ የለም” የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ ጎረቤቶቹን አያውቅም፣ ወይ አብራሪው ራሱ ነው።

የእኛው ክቡር ካፒቴን ቬሊሚር ይባላል፤ ኖቪ ሳድ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ልክ ከራሴ በላይ። ፊት ለፊት “እርስዎ” ነው የምለው፤ አሁን በሌለበት ስለማወራ ግን “እሱ” ልበለው። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ትዳር ያልያዘ፣ ከእናቱ ከእማማ ስታሜና ጋር የሚኖር ሰው ነው። እውነተኛ አውሮፕላን ውስጥ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። “ሌላ ሰው እያበረረ እኔ ከኋላ ልቀመጥ?” ይላል። ትከሻው ላይ አራት የወርቅ መስመር ያለው ነጭ ሸሚዝ ግን አለው፤ የሚተኩሱለት እማማ ስታሜና ናቸው።

በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚያበሩበት ጨዋታ አለ። ጨዋታ ያልኩትን እንዳትነግሩት፤ አንድ ጊዜ አምልጦኝ ስንት ቀን ደረጃ ላይ ሰላምታ ነሳኝ። “ልምምድ” ነው የሚባለው። በዚህ ልምምድ ውስጥ ዓለም በሙሉ አለች፤ ተራራው፣ ወንዙ፣ የየሰዉ ጣሪያ ሳይቀር። ካፒቴናችን ይህን ሁሉ ሳይንገጫገጭ የሚያሳይ ኮምፒውተር በገዛ እጁ ሊገጣጥም ተነሳ። ያነሳሳው ነገር ደግሞ የሚያስወቅስ አልነበረም። እማማ ስታሜና የተወለዱት ድሬኖቫ በምትባል የተራራ መንደር ነው። መኪና አይደርስባትም፤ የእማማ ዳሌ ደግሞ ዳገት እምቢ ካለ ቆይቷል። “እማዬ፣ እኔ በአየር እወስድሻለሁ” ብሎ ቃል ገባላቸው። ቃሉን የገባው መቼ እንደሆነ አልናገርም። ያኔ እኔ ፀጉሬን ቀለም አልቀባም ነበር።

“መቼ ነው ታዲያ የምንበረው ካፒቴን?” ስትሉት መልሱ አንድ ነው፤ “አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው።”

መጀመሪያ የቀረው ምስሉን የሚያወጣው ካርድ ነበር። ተገዝቶ ተገጠመ፤ አሁንም ይንገጫገጫል። “ጎረቤት፣ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው። ይህ ልምምድ ከካርድ ይልቅ ፕሮሰሰር ነው የሚበላው!” አለኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ይመስል እየተቆጣ። ፕሮሰሰሩ ሲመጣ አሮጌው ማዘርቦርድ ላይ አልቀመጥም አለ። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሜሞሪው አልስማማም አለ። ሜሞሪው ሲገኝ ኃይል ሰጪው ሳጥን አልችልም ብሎ ለገመ። በመጨረሻ ቀፎው ጠቧል ተባለና እሱም ተሸኘ። “ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ምን ቀረ?” ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና “ሶኬቱ” አለኝ።

አንድ ቀን ለሙከራ ሲበር አጠገቡ እንድቀመጥ ተፈቀደልኝ። ወይ ጉድ! የአልፕስ ተራሮች በረዷቸውን ለብሰው ከፊቴ ተዘረጉ፤ እውነት እላችኋለሁ እንባዬ መጣ። ክቡርነቱ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ ጥግ አልነቀለም። እዚያ ጥግ ላይ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ የሚናገር ቁጥር አለ።

“ሠላሳ ስምንት! ወረደ! ሠላሳ ስድስት!” ይላል እያላበው።

“ካፒቴን፣ ተራራው እንዴት ያምራል!”

“የትኛው ተራራ?”



ማሽኑ ይሞቃል ተብሎ ደግሞ ማራገቢያ መጣ፤ በፊት፣ በኋላ፣ በጎን። ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ጀመረ። እማማ ስታሜና በሩ ላይ ቆመው፣ “አንተ ልጅ፣ ይህ ነፋስ ኩላሊትህን መትቶ ይገድልሃል!” ይላሉ። የእኛ አገር ሰው ከተኩላ ይልቅ በሁለት በኩል የሚገባ ነፋስ ይፈራል፤ ባቡር ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ ሞክሩት። ካፒቴኑ መጀመሪያ ሳቀባቸው። በሳምንቱ ወገቡን በሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ አገኘሁት። ቀጥሎ ምን አደረገ መሰላችሁ? ብርድ መታኝ ብሎ ማራገቢያዎቹን አጠፋቸው! ከዚያ ማሽኑ ለምን እንደሚግል ለማወቅ ሲመራመር ከረመ። እሱን የሚነግረው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሁላችንም ነፋሱ አደገኛ ነው ብለን ስለምናምን ነው ዝም ያልነው።

እስከዚህ ድረስ ስቄያለሁ። መሳቄን ያቆምኩት ባለፈው መኸር ነው።

ካፒቴኑ የሚመጣለትን ዕቃ ይጠብቅ ነበርና እማማ ስታሜናን ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ መርምራ ወደ ጎን ወሰደችኝ። “የዓይን ግፊት ነው። ዙሪያው ጠፍቷል፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሐሉን ብቻ ነው የሚያዩት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውም ለፋሲካ መድረሱን እንጃ።”  እማማ ለካ ሰምተዋል። መንገድ ላይ እጄን ይዘው፣ “ለልጄ ለቬልያ አትንገሪው፤ ይቸኩልና ያበላሻል” አሉኝ።

አላስቻለኝም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ካፒቴኑ ካቻቢቴ ጨብጦ ጠረጴዛው ሥር ተጋድሟል። “ጎረቤት፣ በጥሩ ጊዜ መጣሽ፤ እስቲ መብራቱን ያዢልኝ” አለ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት። የጀመረውን ብሎን አጥብቆ ጨረሰ።

“አውቃለሁ” አለኝ በመጨረሻ።

“ያውቃሉ?!”

“ለዚህ እኮ ነው። አንዴ ነው የምታየው። እሱንም እየተንገጫገጨ ላሳያት? አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው።”

የአምላክ ያለህ! ካቻቢቴውን ነጥቄ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጌ ወረድኩ።

ታኅሣሥ ላይ የቤታቸው የቅዱስ ኒኮላስ ዝክር ደረሰ። ለዝክር ሰው አይጠራም፤ ራሱ ይመጣል። ሕንፃው በሙሉ ተሰብስቦ ሻማው በራ፣ ሕብስቱ ተቆረሰ፣ በለውዝና በስኳር የታሸው ስንዴ ተቀመሰ፣ ራኪያ የሚባለው የፍራፍሬ አረቄ ዞረ። እማማ ስታሜና ወደ ሻማው ዘወር ብለው ሲያማትቡ እጃቸው ነበልባሉን ሊነካው ትንሽ ቀረው። አላዩትም። ሁላችንም አየን፤ ካፒቴኑም አየ።

አንዱ ጎረቤት ጨዋታ ለመቀየር ብሎ፣ “እህሳ ካፒቴን፣ ዛሬ አንበርም?” አለ።

“ለጥምቀት። አንድ ነገር ብቻ…”

“አንተ ቬሊሚር!” ብዬ ጮኽኩ። እኔ ነኝ፣ “እርስዎ” ስል የኖርኩት።  “ለጥምቀት ማንን ልታሳይ ነው? ግድግዳውን?”

ፊቱ እንደ ሻማው ነጣ። እማማ ግን ቀስ ብለው ተነሱና፣ “ልጄ፣ እንዳለ አሳየኝ፤ ዛሬ ለብሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል” አሉት። ሄዶ ባለ አራት መስመሩን ሸሚዝ ለብሶ ተመለሰ።

ሾርባችንን ትተን ከኋላው ተኮለኮልን። እማማ አፍንጫቸው የስክሪኑን መስታወት ሊነካ ምንም አልቀረው። ተነሳን። ሜዳውን አለፍን፣ ወንዙን ተሻገርን፣ ተራራው መጣ። ድሬኖቫ ከታች ብቅ ስትል ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ቁጥሩ ሃያ ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አራት። ከዚያ ጨለመ፤ ድርግም!

ኧረ በስመአብ! 

ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ አየ። በቀፎው ላይ፣ ሙቀቱ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ፣ በስታርች የደረቀ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል።

“ይህን ማን አለበሰው?”

“እኔ ነኛ!” አሉ እማማ። “እንግዳ ባለበት ራቁቱን ይቀመጥ?”

እግዜር ያሳያችሁ! ስንት ዓመት ተለፍቶበት ዳንቴል ጣለው። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፎ ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። ማራገቢያዎቹን በሙሉ ለቀቃቸው፤ ሻርፑን እንኳ አልፈለገም። እንደገና ተነሳን።

አሁን ምስሉ እንደ ቅቤ ነው፤ አንድም መንገጫገጭ የለም። ድሬኖቫ መጣች፤ አለፈችም። እማማ በቀረቻቸው የዓይን ቀዳዳ ሊይዟት አንገታቸውን ቢያዞሩ ጣሪያው ሮጦ አመለጣቸው። ካፒቴኑ ዞሮ ተመለሰ፤ አሁንም አመለጣቸው።

“ትሮጣለች ልጄ፤ አልደርስባትም” አሉ።

“ማቆሚያ ቁልፍ የለውም እንዴ?” አልኩት ቀስ ብዬ።

ዞሮ አየኝ፤ እናቱን የሰደብኩበት ይመስል ነበር። “ሰማይ ላይ? ጎረቤት፣ አብራሪ ሰማይ መሐል አይቆምም! የሚቆም ሰው አብራሪ አይባልም፤ ተጫዋች ነው የሚባለው!” በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ተጫዋች” የሚለውን ቃል በገዛ አፉ ሲጠራው ድምፁ ተሰበረ።

ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ። ልክ መንደሯ መሐል ላይ ስንደርስ፣ በዚያ ሸሚዝ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቁልፉን ተጫነ። ድሬኖቫ ቀጥ ብላ ቆመች።

እማማ አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ ከጥግ እስከ ጥግ ለቀሟት። “ያ ወንዙ… ያ ቤተ ክርስቲያኑ… ያ ጣሪያችን!” ከዚያ በድንገት፣ “ምን? አጥሩን ወደኛ ገፍቶታል! ያ ሌባ ጎረቤታችን ሚሌንኮ! የዋልኑት ዛፉን ቆርጦ አጥሩን ገፍቶታል!” ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ እያለቀስኩ ነበር የምስቀው። ይህን ሰው እወደዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩ።

“ካፒቴን፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩት። ይህን “እርስዎ” ያልኩት ከልቤ ነበር።

አልሰማኝም። የእናቱን ፊት እያየ ነበር። “እማዬ፣ የፈለግሽውን ያህል እዪ” አላቸው፤ “የትም አንሄድም።”

እማማ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። “እንግዲያው ሾርባዬን እዚህ አምጡልኝ” አሉ፤ “ቤቴ ነኝ።”