የእትዬ ዘውዴ ትከሻ

አንገት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሚንጠለጠልበትን ነው፤ ማተቡን፣ ድሪውን፣ ጨሌውን። ከቆዳው ሥር ምን እንዳለ ማን ይጠይቃል? እኔ ግን ተምሬዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ድሬሰር ሆኜ ስመረቅ የአንገትን ነርቮች እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣቸው ነበር። ከጆሮ ግርጌ ወርዶ፣ በአንገት ጎን ብዙም ሳይጠልቅ አልፎ፣ ትከሻን የሚያነሣውን ጡንቻ የሚያዝ አንድ ቀጭን ነርቭ አለ። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ቢጫ ነው። ሰው ላይ ግን ቢጫ አይደለም፤ ይህን መጽሐፉ አልነገረኝም።

መርሳ በተመደብኩ በሦስተኛው ወር፣ ሹሩባ በመሥራት የሚተዳደሩት እትዬ ዘውዴ አንገታቸው ጎን ላይ እባጭ ወጥቶባቸው ክሊኒክ መጡ። ደሴ ሐኪም ቤት መላክ ነበረብኝ። እኔ ግን (አዲስ ተመራቂ አይታችሁ ታውቃላችሁ?) እችላለሁ ብዬ በጣሁት፤ ያውም ጠለቅ አድርጌ። መግሉ ወጣ፣ ቁስሉ ዳነ፣ እትዬ ዘውዴም መረቁኝ። ቀኝ እጃቸው ግን ከትከሻ በላይ አልነሣ አለ።

«ብርድ መትቶኝ ይሆን?» አሉኝ።

ምን እንደቆረጥኩ ያኔውኑ ገብቶኛል።

«አዎ እትዬ፣ ብርድ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ሹሩባ የሚሠሩት የሴቷን ራስ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሆነ። ደንበኞቻቸውም አንገታችን ተጣመመ እያሉ ወደ ሌላ ሄዱ። እሳቸው ግን «እጇ ቅልል ያለ ነው» እያሉ ገበያተኛውን ሁሉ ወደ እኔ ይልኩ ነበር። የእኔንም ጸጉር ካልሠራሁ ብለው ይቆጣሉ። ጭናቸው ላይ ተኝቼ ጣታቸው አንገቴን በነካ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

በአራተኛው ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። እሷም እባጭ ወጥቶባታል፤ እዚያው የእናቷ ቦታ ላይ።

«እንደ እኔው አድርጊልኝ።»

«አልችልም እትዬ፤ ደሴ ይውሰዷት።»

«እኔን ያዳንሽ፣ ለልጄ ሲሆን ምን ተገኘ?»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ሥራ በዝቶብኛል» የሚል ሆነ።

«አይ አንቺ፣ ኮራሽብን» ብለው ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ልጅቱ ደሴ ሄዳ ዳነች። ገመድ ላይ ልብስ ስታሰጣ ከሩቅ አይቻታለሁ፤ ሁለቱም እጆቿ ይነሣሉ። እናቷ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰላም አላሉኝም። መርሳም «ያቺ ኩሩ ድሬሰር» አለችኝ። ስቆርጥ ተመረቅሁ፣ አልነካም ስል ተወቀስሁ። ወቀሳው ደግሞ፣ ማፈሪያ ነኝና ልናገረው፣ ተመቸኝ። ኩሩ የተባለ ሰው ምን ደብቀሽ ነው ተብሎ አይጠየቅም።