ያልተሾሙት የውሃ ሹም

ስብሰባ የሚጠራበት ከተማ ሁሉ፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ ወደ ማጠቃለያው እንለፍ» እስኪል ጠብቆ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አያጣም። ለወረታ የደረሷት አያ አዛናው ነበሩ። ማንም ሳይሾማቸው የፎገራ ሜዳ የውሃ ሹም ሆነው ኖረዋል። ስብሰባው ስለ ክትባት ይሁን ስለ መንገድ መብራት፣ ከኋላ ወንበር በእርጋታ ተነሥተው፣ ኩታቸውን አስተካክለው፣ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ውሃውን ጠይቃችሁታል?» ይላሉ። ከዚያ የትኛው ክረምት የማንን ጎተራ እንደወሰደ ከነቀኑ ይዘረዝራሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን ያያል።

በ2003 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣችው የፕላን ባለሙያ ትንሳኤ ከሁሉም በላይ ተማርራባቸው ነበር። በመጀመሪያው ወር «አባት ናቸው» ብላ ታገሠች። በሦስተኛው ወር ስብሰባውን ሆን ብላ በገበያ ቀን ጠራችው። የውሃ ሹሙ ገበያቸውን ትተው መጡ።

ያን ሰሞን የያዘችው ሥራ ከባድ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲጠብቁ ለኖሩ ሰዎች መንደር መምረጥ ነበረባት። ከከተማው በስተ ምዕራብ ዳገትም ድንጋይም የሌለው ሜዳ አገኘችና ደስ አላት። የለካችው በሚያዝያ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከብት ገለባ ይቃርምበታል። ሰነዱ ላይ «የአደጋ ስጋት» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብላ ጻፈች።

ፕላኑን ለሕዝብ ስታቀርብ ያ እጅ ወጣ።

«ልጄ፣ እዚያ ምን እንደሚዘራ ታውቂያለሽ?»

«ሩዝ ነው፣ አያ አዛናው።»

«ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያድግ። ለሩዝ የተመቸ መሬት ለሰው አይመችም። በነሐሴ መጥተሽ ለኪው።»

አዳራሹ ሳቀ። ትንሳኤም ልታሳፍራቸው አስባ «እመጣለሁ» አለች።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አብረው ሄዱ። እሳቸው ሱሪያቸውን ጠቅልለው ቀደሙ፣ እሷ በቦቲ ተከተለች። ትምህርት ቤቱ ይሠራበታል ካለችው ቦታ ሲደርሱ ውሃው ከጉልበቷ አልፎ ቦቲዋን ሞላው።

«ዘንድሮ እንኳን ደህና ነው» አሉ አያ አዛናው።

ፕላኑን እንደገና ሠራችው። መንደሩን በደብረ ታቦር መንገድ ወዳለው ዳገት አወጣችው። ዳገቱ ግን ጠባብ ስለሆነ የሚበቃው ለግማሹ ብቻ ነው። ዕጣ ወጣና የቀሩት እንደገና እንዲጠብቁ ተነገራቸው። ከቀሩት መካከል አንድ ስም ስታነብ ደነገጠች፤ ሙናዬ አዛናው ይላል። ዝርዝሩን ይዛ ወደ ቤታቸው ሄደች።

ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሙናዬ ልጅዎ ናት?»

«ናት። ሦስት ልጆች ይዛ እኔው ቤት ተጠግታ ነው ያለች።»

«ሜዳው ላይ ቦታ እንደሚደርሳት እያወቁ ነው የተቃወሙት?»

«እያወቅሁ ነው። ያን ቀን እጄን ካወጣሁ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችኝም።» በእጃቸው ወደ ሜዳው አመለከቱ። «ዝም ብልስ? ውሃው ሲመጣ እነዚያን ልጆች ማን ተሸክሞ ያወጣቸዋል? እኔ እንደሁ አርጅቻለሁ።»

ትንሳኤ እኒህን ሰው ያን ጊዜ ወደደቻቸው፤ ስትማረርባቸው የኖረችበት ጊዜ ሁሉ አሳፈራት። ሙናዬ በሩ ውስጥ ቆማ ትሰማ ነበር።

«እህቴ፣ በማይሆን መሬት ተስፋ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አለቻት ትንሳኤ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአባትሽ አይደለም።»

ሙናዬ ወደ ውስጥ ገባች። ስትመለስ ሁለት በርጩማ ይዛ ነበር። አንዱን ለእንግዳዋ ሰጠች። ሁለተኛውን ይዛ አባቷ አጠገብ ቆመችና፣ «ይነሡ እንጂ፣ ድንጋዩ ይበርድዎታል» አለቻቸው።